ገንዘቡ ይመለስ፣ ክሬዲት ይሁን ወይስ የተሻለ ካቢን?

የመርከብ ሽርሽር ያስያዘ ሰው ጉዞው ሲቃረብ አንድ ኢሜይል ሊደርሰው ይችላል። በጉዞው ላይ ለውጥ ተደርጓል ይላል። ከዚያ ሦስት ምርጫ ያቀርባል። ገንዘብዎ ይመለስ፣ ለሌላ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ይያዝልዎ፣ ወይም በዚሁ ጉዞ ይቀጥሉና የተሻለ ካቢን እንስጥዎ። ሦስቱም መልካም ይመስላሉ። ሁለቱማ ስጦታ ነው የሚመስሉት። ክሬዲቱ ከከፈሉት በላይ ነው። ካቢኑም ከከፈሉበት ይሻላል። የራስን ገንዘብ መልሶ መውሰድ ግን ከሁሉም ያነሰ ይመስላል። ምንም የተጨመረበት ነገር የለማ።

በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ቪዛ ለማያስጨንቀው ሰው የተጻፈ ነው። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ መሄድ ለሚችል፣ የራሱ የባንክ ካርድ ላለው፣ ዶላር ፍለጋ ለማይንከራተት ሰው። ለሱ ስሌቱ ቀላል ነው። በቁጥር የሚበልጠውን ይወስዳል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለሚመርጥ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። እኔ ይህን በደንብ ያየሁት በእናቴ ጉዞ ነው። አሁን ስለ መርከብ ሽርሽር ምክር ለሚጠይቀኝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ቪዛው ስንት ጊዜ ያስገባል?» የሚል ነው። የዋጋው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እናቴ ሰባን አልፋለች። ወጣትነቷን ያሳለፈችው አሰብ ነው። አባቴ ወደቡ ላይ ይሠራ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ ባሕር አላየችም። ቂርቆስ ነው የምንኖረው። ለገሃር በእግር ይደረሳል። የኢትዮጵያ መርከቦች መሥሪያ ቤት እዚያው አካባቢ ነው፤ እናቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች። አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ «እማዬን ባሕር ላሳያት» ያለችው ከዚህ ተነስታ ነው።

የመረጠችው ጉዞ ከአቴንስ አጠገብ ካለው ከፒሬየስ ወደብ ተነስቶ የግሪክ ደሴቶችን የሚዞር ነበር። ከደሴቶቹ አንዷ ፍጥሞ ናት። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት። እናቴ ፍጥሞ የሚለውን ስትሰማ የሌሎቹን ስም እንኳ አልጠየቀችም። ለሷ ጉዞው ባሕሩና ፍጥሞ ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ገንዘቡን እንዴት እንዳዋጣን መናገር አለብኝ፤ በኋላ ጣጣው እዚህ ላይ ነውና። እህቴ በየወሩ ለቤት የምትልከው ነበር። ወንድሜና እኔ የእናቴን ወጪ በብር ሸፈንን። እህቴም ያንን ዶላር ለመርከቡ አዋለችው። ክፍያው በሷ ካርድ አለቀ። የአውሮፕላን ቲኬቱን እዚሁ ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ የጉዞ ወኪል ቆረጥን። ቪዛውም ተመታ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ኢሜይሉ መጣ።

ለውጡ ለብዙው መንገደኛ የምሥራች ነበር። አንድ ትንሽ የግሪክ ደሴት ቀርቶ በምትኩ መርከቡ ቱርክ ውስጥ ኩሻዳሲ ወደብ ይቆማል። ኩሻዳሲ የጥንቷ ኤፌሶን መዳረሻ ናት። ጳውሎስ የሰበከባት፣ መልእክት የጻፈላት ኤፌሶን። እህቴ በስልክ ስትነግረን ድምጿ በደስታ ተሞልቶ ነበር። ለውጡን ለሚቀበሉ ደግሞ መስኮት ከሌለው ካቢን ወደ ባለ በረንዳው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እናሸጋግራለን ይላል ኢሜይሉ። ፍጥሞ፣ ኤፌሶንና በረንዳ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የእናቴ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። ቱርክ ደግሞ ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ውስጥ የለችም። መርከቡ ኩሻዳሲ ሲደርስ ከሸንገን ወጥታለች ማለት ነው። ወደ ፍጥሞ ሲመለስ እንደ አዲስ መግባት አለባት፤ ቪዛዋ ግን አንዴ ተጠቅማበታለች። ከግሪክ ተነስተው ቱርክን ነክተው የሚመለሱ መርከቦች ከመንገደኛው የሚጠይቁት ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ነው። ያንን ደግሞ እኛ ማግኘት አንችልም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ላይ ገደብ ጥሏል። ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆመ። ምክንያቱ አውሮፓ እንዲመለሱ የምትፈልጋቸውን ኢትዮጵያውያን በመቀበል ረገድ መንግሥታችን በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። እናቴ በዚህ ጉዳይ ውስጥ እጇ የለበትም፤ ዕዳው ግን ለሷም ደረሳት።

ስለዚህ በረንዳው በነጻ ቢሰጥም ለኛ ዋጋ አልነበረውም። መርከብ ላይ መውጣት የማይችል ሰው ካቢኑ ቢሻሻል ምን ያደርግለታል? እህቴ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደባት። አሜሪካ ዜግነት ካገኘች ቆይታለች። ቪዛ የሚባለውን ጭንቀት እየረሳችው ነው፤ አልፈርድባትም።

ቀጥሎ ያማለላት ክሬዲቱ ነው። ከከፈሉት ላይ 20 በመቶ ተጨምሮ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ጉዞ ለመያዝ የሚያገለግል። «ምን ቸገረን፣ ለከርሞ እናደርገዋለን፤ ትርፉም የኛ ነው» አለች። እዚህ ላይ ነው የተከራከርነው። እኔም አሳቤን ያልለወጥኩት እዚሁ ላይ ነው።

መርከብ ኩባንያዎች ክሬዲት መስጠት የሚወዱበት ምክንያት አላቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ኮሮና መርከቦቹን ሁሉ ሲያቆም እነ ሮያል ካሪቢያንና ኖርዌጂያን ለመንገደኞቻቸው ሁለት ምርጫ አቅርበው ነበር። ወይ የከፈሉት በሙሉ ይመለሳል፣ ወይ የከፈሉትን 125 በመቶ የሚያህል ክሬዲት ይያዝላቸዋል። ያ 25 በመቶ ቸርነት ብቻ አልነበረም። ገንዘቡ ከካዝናቸው እንዳይወጣ የከፈሉት ዋጋ ነው። መርከቦቹ ቆመዋል፣ ገቢ የለም፣ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። ክሬዲት የወሰደ ሰው ሳያውቀው አበዳሪ ሆነላቸው። ትልልቆቹ ተቋቁመው ወጡ። ሁሉም ግን አልወጡም። ክሪስታል ክሩዝስ የተባለው የቅንጦት ኩባንያ በ2022 መጀመሪያ፣ የባለቤቱ ድርጅት ሲከስር ሥራ አቆመ። ገንዘባቸው እዚያ የቀረ መንገደኞች ከሌሎች ዕዳ ጠያቂዎች ጋር ተሰለፉ።

ጭማሪው ራሱም ሲመረመር ይሳሳል። ብዙ ጊዜ በመቶኛ የሚጨመረው በመሠረታዊው የጉዞ ዋጋ ላይ ብቻ ነው። የወደብ ክፍያና ታክስ ለብቻው ይታያል። ለምሳሌ 1000 ዶላር ተከፍሎ 200ው ታክስና የወደብ ክፍያ ቢሆን፣ 20 በመቶው የሚሰላው በ800ው ላይ ነው። ጭማሪው 160 ነው እንጂ 200 አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ የከርሞው ዋጋ አለ። ኩባንያው ዋጋውን ከጨመረ የተሰጠው ትርፍ ተመልሶ ለሱ ነው። ክሬዲቱ በአብዛኛው በስም የተያዘ ነው፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ቀኑ ካለፈም ያልፋል።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም መንገደኛ ይሠራል። ለእናቴ ግን ከዚህ የባሰ ነበር። ክሬዲቱን ለመጠቀም ሌላ ቪዛ ያስፈልጋታል። ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ የባንክ ሒሳብ ማስረጃ፣ ሌላ 90 ዩሮ፣ ሌላ የመጠበቂያ ሳምንታት። ከዚያም «ተከልክሏል» ሊባል ይችላል። ቪዛው ቢከለከል ኩባንያው ክሬዲቱን ወደ ገንዘብ አይለውጠውም፤ ደንቡ ላይ በግልጽ ተጽፏል። እንግዲህ ለእህቴ 120 በመቶ የሆነው ወረቀት ለእናቴ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውም አለ። በዚህ ዕድሜ የጉልበት ነገር በየወሩ ይለወጣል። «ለከርሞ» የሚለው ቃል ለአርባ ዓመት ሰውና ለሰባ አምስት ዓመት ሰው አንድ አይደለም። በስልክ ይህን ስላት እህቴ ዝም አለች። ከዚያ «ገንዘቡን ልጠይቅ» አለች።

ኢሜይሉ ግርጌ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ እስከዚህ ቀን ምላሽ ካልሰጡ ክሬዲቱን እንደመረጡ እንቆጥራለን። የማታ ተረኛ ሆና ከምትሠራ ሰው የኢሜይል ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ ተቀብሮ ይቀራል። በኮሮናው ጊዜም ብዙ ኩባንያዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ገንዘቡን የጠየቀ ያገኛል፣ ዝም ያለ ክሬዲት ይያዝለታል። ሌላ አገር ያለ ዘመድ ካስያዘላችሁ ኢሜይሉን ሙሉውን ይላክላችሁ። በስልክ የሚነገረው ምርጫዎቹ ናቸው፤ የመጨረሻው ቀን ይረሳል።

ገንዘብ የመመለስ መብት ከየት እንደሚመጣም ማወቅ ይጠቅማል፤ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ ሕግ፣ አዘጋጁ ከጉዞው በፊት ዋና ዋና ነገሮችን በጉልህ ከለወጠ መንገደኛው ያለ ቅጣት ውሉን ማፍረስ ይችላል ይላል። ገንዘቡም በ14 ቀን ውስጥ ይመለስለታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የፌዴራል የባሕር ኮሚሽን በ2022 ያወጣው ደንብ፣ ጉዞው ከተሰረዘ ወይም ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ከዘገየ ገንዘብ እንዲመለስ ያዛል። አንድ ወደብ በሌላ መተካት ግን እዚያ ውስጥ የለም። የብዙ መርከቦች የቲኬት ውልም ወደብ የመቀየርና የመዝለል መብት ለኩባንያው ይሰጣል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ለውጥ ሲመጣ ተመላሽ ገንዘብ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ መቅረቡ ራሱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሲገኝ መያዝ ነው።

ቪዛው ግን እየቆጠረ ነው። አንድ ጊዜ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ላይ ብዙውን ጊዜ ለጉዞ መዛባት ተብሎ 15 ቀን ይታከልበታል። እኛን ያተረፈችን ያቺ ጭማሪ ናት። እህቴ ገንዘቡ እስኪመለስ ሳትጠብቅ ሌላ መርከብ ፈለገች። ከፒሬየስ የሚነሳ፣ ከግሪክ የማይወጣ፣ ፍጥሞ የሚቆም። አጠር ያለ ጉዞ ተገኘ፤ ከመጀመሪያው ጥቂት ቀን ዘግይቶ ይነሳል። ቸርችል ጎዳና ያለችው የጉዞ ወኪል የአውሮፕላኑን ቀን አዛወረችልን፤ ቅጣት ነበረው፣ ከፈልን። አዲሱን ማስያዣ ይዛችሁ ለኤምባሲው አሳውቁ ያለችንም እሷ ናት። ትልቅ ምክር ነበር። ድንበር ላይ የሚጠየቀው ቪዛው ብቻ አይደለም፤ የት እንደምታድሪ፣ በምን እንደምትመለሺም ይጠየቃል።

የመጀመሪያው ገንዘብ ቆይቶ በእህቴ ካርድ ተመለሰ። አዲሱ ጉዞ ረከስ ያለ ስለሆነ የተወሰነ ዶላር ተረፈ። ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ወንድሜና እኔ ድርሻችንን የከፈልነው በብር ነው፤ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። ታዲያ ለወንድሜ የሚመለስለት ያዋጣው ብር ነው ወይስ ያዋጣው ብር በዚያን ጊዜ ይሆን የነበረው ዶላር?

በኔ አስተያየት መልሱ ዶላሩ ነው። ብሩን ሲያወጣ ዶላር እንዲቆጠብ ነው ያወጣው። ዶላሩ ተቆጥቦ ከተመለሰ የሱ ድርሻ ዶላሩ ውስጥ ነው ያለው። በድሮው ብር እንመልስልህ ማለት ግማሽ ያህሉን እንደ መውሰድ ነው። ይህን የምለው ቤተሰብ ስለሆንን ነገሩ በዝምታ ይለፍ የሚባልበት ልማድ ስላለን ነው። በዝምታ ያለፈ ሒሳብ ሰርግ ወይም ለቅሶ ላይ ይነሳል። ከወንድሜ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገርንበት። እሱ ጥሩ ነገር ተናገረ፤ «ያዋጣነው ለእማዬ ነው። የተረፈውም የሷ ነው። እሷ ትጠየቅ» አለ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ ተጠየቀች። ወንድሜ የተረፈውን ገንዘብና የአዲሱን ጉዞ ነገር ሲዘረዝርላት ጥሞና ሰጥታ ሰማች። አንድ ነገር ብቻ አሳሰባት። አዲሱ ካቢን መስኮት አለው ወይ? የለውም። በዋጋ ዝቅተኛው ካቢን በመርከቡ ሆድ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ድፍን ነው። «ባሕር ልታሳዩኝ ብላችሁ ሳጥን ውስጥ?» አለች። በተረፈው ገንዘብ መስኮት ይገዛላት ተባለ።

ካቢን ማሻሻል ብዙ መንገድ አለው። አንዱ ልዩነቱን ከፍሎ የፈለጉትን ቁጥር መያዝ ነው። ሌላው ጨረታ ነው፤ ሮያል ካሪቢያን «ሮያልአፕ» እንደሚለው ያለ። መንገደኛው ለተሻለው ካቢን ይህን ያህል እጨምራለሁ ብሎ ዋጋ ያቀርባል። ኩባንያው ክፍት ቦታ ካለው ይቀበላል። የሚቀርበው ዋጋ በነፍስ ወከፍ ነው፤ 100 ያለ ሰው ለሁለት 200 እንደሚከፍል ማወቅ አለበት። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም፤ ያ ጭማሪም አይመለስም። ዋናው ነገር ግን የሚሰጠውን ካቢን የሚመርጠው ኩባንያው መሆኑ ነው። ደረጃው ይታወቃል፤ ቦታው አይታወቅም። በነጻ የሚሰጥ ማሻሻያም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

ቦታው ደግሞ ለአዛውንት ሰው ከደረጃው ይበልጣል። መርከብ በማዕበል ሲናወጥ ከሁሉ የሚናወጠው ፊቱና ኋላው፣ እንዲሁም ላይኛው ፎቅ ነው። መሐሉና ታችኛው ክፍል የተሻለ ይረጋጋል። ከመዋኛው ፎቅ ሥር ያለ ካቢን ውድ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማለዳ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከፊት ያለው መልሕቅ ሲወርድ ይቀሰቅሳል። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ከአሳንሰሩ ርቃ ረጅሙን ኮሪደር ጠዋት ማታ መመላለስ አትችልም። የበረንዳ በር ከፍ ያለ ደፍ አለው፤ በሚወዛወዝ ወለል ላይ ያንን መሻገር ለእናቴ ዓይነቷ ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ የእህቴ አልጋና የእናቴ አልጋ አንድ ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። ማታ መድኃኒቷን የምትሰጣት እሷ ናት።

ይህን ሁሉ አይቼ ጨረታው ይቅር፣ ልዩነቱን ከፍለን የተወሰነ ቁጥር ያለው ባለ መስኮት ካቢን እንያዝ አልኩ። እህቴ በጨረታ በረንዳ ማግኘት ይቻላል፤ ምናልባትም በተመሳሳይ ዋጋ ትል ነበር። ዋጋው ላይ ልክ ናት፤ ሊሆን ይችላል። ያቀረብነው ዋጋ ተቀባይነት ቢያጣም የሚቀርልን ግን ያው ድፍኑ ካቢን ነው፤ ያንን ደግሞ የምናውቀው ጉዞው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ነው። ለእናቴ መስኮቱ ዕድል ላይ የሚጣል ነገር አልነበረም።

ካቢኑ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ፣ መሐል አካባቢ፣ ለአሳንሰሩ ቅርብ የሆነ ተያዘ። ቁጥሩ በማረጋገጫው ላይ ተጽፎ እስኪመጣ ድረስ እህቴን አላስተኛኋትም። «የተሻለ ቦታ ከተገኘ ያለ ክፍያ አዛውሩን» የምትል ምልክት ማድረጊያ ነበረችበት፤ እሷንም አስጠፋናት። ያቺ ምልክት ካለች ኩባንያው ሳይጠይቅ ወደ ላይኛው ፎቅ ሊያዛውራቸው ይችላል። ከዚያም የተረፈችውን ጥቂት ዶላር እህቴ መርከብ ላይ ለሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያ ያዘቻት፤ እሱ በነፍስ ወከፍ በየቀኑ የሚታሰብ ስለሆነ ቀድሞ መያዙ ይሻላል። እህቴ አሁንም በረንዳው ቀረብን ትላለች። እኔ አይመስለኝም።